የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ንባብ ከሕፃንነቱ እስከ ዕረፍቱ

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የተወለደው በሶርያ ምድር በአንጾኪያ ከተማ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ349 ገደማ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። አባቱ ሴኩንዶስ በምሥራቅ ጦር ሠራዊት ዘንድ ባለ ማዕርግ ነበረ፤ ልጁ ገና ጨቅላ ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ ያን ጊዜ ዕድሜዋ 20 ዓመት ነበረ። ነገር ግን ሌላ ባል አላገባችም፤ የባልዋን ርስት ለልጇ ጠብቃ፥ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ወጪ ከራስዋ ገንዘብና ከጥሎሽዋ ከፈለች። የዚህ ሊቅ መጻሕፍት ሁሉ መጀመሪያ ይህች መበለት ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አንቱሳ ልጅዋን ለሊባንዮስ ሰጠችው። ሊባንዮስ ጣዖት አምላኪ ሲሆን በዚያ ዘመን በንግግር ጥበብ ስሙ እጅግ የተጠራ መምህር ነበረ። በትምህርት ቤቱ የሚነበበው የቀደሙት የጽርእ ደራስያን የኦሜሮስና የዴሞስቴኔስ መጽሐፍ ነው፤ ንባቡም በዓይን ብቻ የሚታለፍ ሳይሆን በቃል የሚያዝ ነበረ። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ቀጽሎ በኋላ የራሱን እንደሚቈጥር፥ የሊባንዮስም ደቀ መዝሙር የቀደሙትን ንግግር በቃሉ ይዞ በዚያው ስልት አዲስ ንግግር ያወጣ ነበር። ወጣቱ ዮሐንስ በዚህ ሁሉ ተመሰገነ። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የሚያነበው ለምስጋና ነበር፤ መጽሐፍ ምላስን የሚስል ሞረድ ሆኖለት ነበር። ከፍርድ አደባባይ አይታጣም፥ የቴአትርንም ጨዋታ ይወድ ነበር፤ ይህንንም እርሱ ራሱ በእንተ ክህነት በተባለው መጽሐፉ አልሸሸገም። ሊባንዮስ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ወንበሩን ማን ይውረስ ተብሎ ቢጠየቅ፥ ክርስቲያኖች ባይወስዱበት ኖሮ ለዮሐንስ ይገባ እንደ ነበር መናገሩን የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜኖስ ጽፎአል።

ክርስቲያኖች ወሰዱት የተባለውም እንዲህ ነው። የአንጾኪያው ሊቀ ጳጳስ ሜሌጥዮስ የልጁን ጠባይ አይቶ አቀረበው፤ አስተምሮም አጠመቀው፤ ሦስት ዓመት ያህል ከተከተለውም በኋላ በ371 ገደማ አናጕንስጢስ አድርጎ ሾመው። ይህ ማዕርግ በክህነት ተራ ታናሽ ነው፤ በዮሐንስ ንባብ ላይ ግን ያደረገው ለውጥ ታላቅ ነበረ። ቀድሞ ያነብ የነበረው ራሱ እንዲሰማና እንዲደነቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን በሕዝብ ፊት ቆሞ የሌላውን ቃል የሚያሰማ፥ የራሱን የማይጨምር አንባቢ ሆነ።

ቤቱን ትቶ ከወዳጁ ጋራ በምናኔ ሊኖር ባሰበ ጊዜ እናቱ እጁን ይዛ ወደ እልፍኝ አገባችው፤ በወለደችበት አልጋ አጠገብ ተቀምጣም ሁለተኛ መበለት እንዳያደርጋት፥ እርስዋን ከቀበረ በኋላ ወደ ወደደው እንዲሄድ በእንባ ለመነችው። እርሱም ለጊዜው በከተማው ቈይቶ ከዲዮዶሮስ ዘንድ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ። የዲዮዶሮስ ስም በኋላ በሊቃውንት ዘንድ እንደ ተነቀፈ የታወቀ ነው፤ ዮሐንስ ግን ከእርሱ የያዘው የንባቡን መንገድ ነው፤ ይኸውም ወደ ምሥጢር ከመዝለል አስቀድሞ ቃሉን፥ ተናጋሪውን፥ ጊዜውንና ምክንያቱን መመርመር ነው።

ከዚያ በኋላ በአንጾኪያ አጠገብ ወዳለው ተራራ ወጣ። አራት ዓመት ከአንድ ሶርያዊ ሽማግሌ መነኵሴ ጋራ ኖረ፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። በዚህ በሁለቱ ዓመት ሌሊትም ቀንም ጐኑን ሳያሳርፍ፥ እንቅልፍንም ከጥቂት በቀር ሳያይ መጻሕፍተ ኪዳንን በቃሉ እንዳጠና የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ጳላድዮስ ይናገራል። ቅዝቃዜው ሆዱንና ኵላሊቱን ጐዳው፤ ራሱን ማስታመም ባልቻለ ጊዜ ወደ ከተማ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በሽተኛ ነበረ። ስለ ንባብ ብዙ ሰው ዓይኑን ከፍሎአል፤ እርሱ ጤናውን በሙሉ ከፈለ። ዋጋው ከልክ አልፎአል የሚል ሰው ቢገኝ አይፈረድበትም፤ ሰውነትን እንዲህ መጐዳት ለሁሉ የሚመከር አይደለምና።

በ381 ዲቁና፥ በ386 ቅስና ተቀብሎ በአንጾኪያ 12 ዓመት ያህል አስተማረ። በማቴዎስ ወንጌል ላይ 90፥ በዮሐንስ ወንጌል ላይ 88 ድርሳን አለው። ነገር ግን ከድርሳኑ ብዛት ይልቅ የሚያስደንቀው፥ በዋሻ ብቻውን ያነበበውን ሕዝቡ ሁሉ በየቤቱ እንዲያነበው መድከሙ ነው። የሚመጣው ትምህርት በምን ክፍል ላይ እንደ ሆነ ቀናት አስቀድሞ ይነግራቸዋል፤ ክፍሉን በቤታቸው አንብበው እንዲመጡ ያዝዛቸዋል። እነርሱም ምክንያት ያበዙበታል። አንዱ በአደባባይ ሙግት አለብኝ ይላል፤ አንዱ በእጅ ሥራው፥ አንዱ በሚስቱና በልጆቹ ያመካኛል፤ ማንበብ በተራራ ላሉት መነኰሳት እንጂ ለእኛ አይደለም የሚሉም ነበሩ። ስድስት ዓመት በተራራ የኖረው ዮሐንስ ግን ይህን አይቀበልም ነበር። መነኵሴው ከሰልፉ ርቆ ተቀምጦአል፤ በሰልፍ መካከል ሆኖ በየቀኑ የሚቈስለው ግን የከተማው ሰው ስለ ሆነ፥ መድኃኒቱም ይልቁን ለእርሱ እንደሚያስፈልግ ያስረዳቸው ነበር። መጽሐፍ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም ለሚሉትም ምሳሌው ከገበያቸው ነው፤ አንጥረኛና ቀጥቃጭ ቢራብ እንኳ መዶሻውንና ወናፉን አይሸጥምና፥ መጽሐፍም የክርስቲያን የሥራ ዕቃ መሆኑን ያሳያቸዋል።

ለዚህም ምስክር አድርጎ የሚጠራው የእኛን የባኮስን፥ የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባ ነው። ያ ሰው ባዕድ ሲሆን፥ የመንግሥት ሥራም ተጭኖበት ሳለ፥ በመንገድ በሠረገላ ላይ ተቀምጦ የሚያነበውን ትርጓሜውን ሳያውቅ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። በመንገድ ያነበበ ሰው በቤት ምን ያህል ይተጋል፤ ሳያስተውል ያላቋረጠውንም እግዚአብሔር ፊልጶስን የሚያህል መምህር ላከለት። ዮሐንስ በአንጾኪያ ሰዎች ፊት ይህን ኢትዮጵያዊ ማቆሙ፥ ሊያሳፍራቸውም ሊያጽናናቸውም ነው።

መጽሐፍ ያላቸውንም አላለፋቸውም። በብዙው ቤት የቍማር መጫወቻ ይገኛል፥ መጽሐፍ ግን ከጥቂቶች በቀር አይገኝም እያለ ያዝን ነበር። የተገኘም እንደ ሆነ በሣጥን ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም የሚመካው በብራናው ስሱነት፥ በጽሕፈቱ ማማር፥ በወርቅ ቀለሙ ነው እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቀውም። መጽሐፍ የተሰጠው ታትሞ በልብ ሊቀመጥ እንጂ ለሀብት መታያ እንዳልሆነ ያለ ኀፍረት ነገራቸው። የጳውሎስን መልእክት እርሱ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ፥ የሰማዕታት መታሰቢያም በሆነ ጊዜ ሦስትና አራት ጊዜ ሲነበብ ይሰማ ነበር፤ በዚህም ደስ እያለው፥ ከሕዝቡ የመልእክታቱን ቍጥር እንኳ የማያውቅ መኖሩ ልቡን ያሳዝነው ነበር።

በ398 የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በዚያም ሌሊት በጳውሎስ መልእክት ላይ ሲደክም፥ ረድኡ ጵሮቅሎስ አንድ ሰው ከኋላው ጐንበስ ብሎ በጆሮው ሲነግረው እንዳየ፥ መልኩም በግድግዳው የተሣለውን የጳውሎስን ሥዕል ይመስል እንደ ነበር ይተረካል። ከንግሥቲቱ ከአውዶክስያና ከጳጳሳቱ ጋራ የተነሣው ጠብ ብዙ የተጻፈበት ነገር ስለ ሆነ በዚህ አይዘረዘርም፤ ፍጻሜው ግን በ404 ወደ አርማንያ ወደ ኩኩሶስ መሰደዱ ነው።

በስደቱ ዘመን የጻፋቸው ከ200 የሚበልጡ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ከእነርሱም 17ቱ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያዳ የተላኩ ናቸው። ብርዱን፥ የሆዱን ሕመም፥ የወንበዶችን ፍርሀት ይነግራታል፤ ከዚያም ኢዮብን፥ ዮሴፍን፥ ጳውሎስን እየጠራ እርስዋን ያጽናናታል። በዋሻ በልቡ ያኖረውን ወታደር በርብሮ የሚወስድበት አልነበረም። በ407 ከዚያ ወደ ራቀ ስፍራ ሲወስዱት፥ ታሞ ሳለ በፀሐይና በዝናም እየነዱት፥ መስከረም 14 ቀን በኮማና ዐረፈ።

ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት ላይ ያስተማረው 34 ድርሳን በእጁ አልተስተካከለም፤ ከሞተ በኋላ፥ ሲናገር ከተጻፈው ማስታወሻ ተለቅሞ የወጣ ነው። እጨጌ ዕንባቆም በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከግብጻዊው ከሚካኤል ጋራ ሆኖ ከዐረብ ወደ ግእዝ መለሰው። ከዚያም ወዲህ ጸሐፊው በብራና፥ መምህሩ በሐዲሳት ጉባኤ ሲያስተላልፉት ኖረዋል።