ሕመምተኛን ያስተማሩ ሐኪም፦ ዶክተር ኤሊዮት ጆስሊን

የስኳር በሽታ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በየዕለቱ የሚወስደው ከሐኪሙ ዐይን ርቆ፣ በገዛ ቤቱ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ማዘዝ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ተረድተው፣ ማስተማር ራሱ የሕክምናው ክፍል እንዲሆን ዕድሜ ልካቸውን ከደከሙት ሐኪሞች መካከል ዶክተር ኤሊዮት ጆስሊን በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱ ናቸው።

ጆስሊን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኦክስፎርድ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1869 ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በሃርቫርድ በ1895 ፈጽመው፣ በ1898 በቦስተን የግል የሕክምና ሥራ ጀመሩ። እናታቸው በዚሁ በሽታ የተያዙ ስለ ነበሩ፣ ጉዳዩን የሚያውቁት ከመጻሕፍት ብቻ አልነበረም። የሕሙማኑን ሁኔታ በጥንቃቄ በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር፤ በ1916 ያሳተሙት የሕክምና መጽሐፍም በአንድ ሺህ ሕሙማን ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1918 ደግሞ ለሐኪምም ለሕመምተኛም የሚያገለግል መምሪያ አወጡ።

በዚያን ጊዜ ለበሽታው የሚሆን ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሙ የሕመምተኛውን ምግብ እጅግ ቢቀንስ፣ የሕፃናቱ ሞት ለጥቂት ጊዜ ይዘገይ እንደ ሆነ እንጂ አይቀርም ነበር። በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ኢንሱሊን ተገኘ፤ ጆስሊንም በ1922 ለሕሙማናቸው መስጠት ጀመሩ። ይሁን እንጂ አዲሱ መድኃኒት አዲስ ኀላፊነት ይዞ መጣ። መጠኑ ሲያንስ በሽታው ይበረታል፤ ሲበዛ ወይም ምግብ ሲዘገይ ግን የደም ስኳር ከልክ በላይ ወርዶ ሕመምተኛው ራሱን ይስታል፤ ለሞትም ሊበቃ ይችላል።

ስለዚህ ጆስሊን ሕሙማናቸው መርፌ መውጋትን፣ ሽንት መመርመርን፣ ምግብ መመጠንን፣ የመድኃኒቱን መጠን ከምግብና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ማስማማትን እንዲማሩ አደረጉ። ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶችም ወደየቤቱ እየተላኩ ያስተምሩ ነበር። ምክሩ በቃል ብቻ ተነግሮ የሚያበቃ ሳይሆን፣ ሕመምተኛው በገዛ እጁ እየሠራ የሚለማመደው ነበር።

የደም ስኳርን በጥብቅ መቈጣጠር የኋላ ኋላ የሚመጣውን ጉዳት ይከላከላል የሚለውን አቋማቸውን ብዙ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሉትም፤ ሥርዐቱ ለሕመምተኛው ከባድ ነው የሚሉም ነበሩ። ጆስሊን ክርክሩ ሳይቋጭ በ1962 ዐረፉ። በ1993 ይፋ የሆነ፣ 1,441 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ግን ጥብቅ ቍጥጥር በዐይን፣ በኵላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ይኸው ጥናት የደም ስኳር ከልክ በላይ የመውረድ አደጋ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምርም አሳየ።

ሁለቱም ውጤቶች የሚያመለክቱት ወደ አንድ ነገር ነው። ጥብቅ ሕክምና የሚጠቅመው ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ምንነት፣ የሚወስድበትን ሰዓት፣ ምግብ ሲቀር ወይም ላብና መንቀጥቀጥ ሲጀምረው የሚያደርገውን ዐውቆ ከሐኪሙ ዘንድ ሲመለስ ነው። ይህን ሳይነግሩ የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ መስጠት፣ ጆስሊን እንዳስተማሩት፣ ሕክምናውን ከግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።