ቴዎዶር ኤሸሪኽ፦ ስሙ በውሃ ምርመራ ወረቀት ላይ የቀረ ሐኪም

የመጠጥ ውሃ የላቦራቶሪ ውጤት እጁ የገባ መሐንዲስ ሁሉ ኢ. ኮላይ የሚለውን ስም ያውቀዋል። በመቶ ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ አንዲት እንኳ ከተገኘች ውሃው ዓይነ ምድር ነክቶታል ማለት ነውና መስመሩ ይፈተሻል፤ ክሎሪኑም እንደገና ይለካል። ከፊት ያለችው ፊደል የአንድ የሕፃናት ሐኪም ስም ምኅጻር መሆኗን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ቴዎዶር ኤሸሪኽ በ1857 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በባቫሪያ፣ አንስባኽ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱም ሐኪም ነበር። የሕክምና ትምህርቱን በ1881 ከፈጸመ በኋላ በቩርዝቡርግ ረዳት ሐኪም ሆኖ ሠራ፤ በ1884 ኔፕልስን ያጠቃውን ኮሌራ እንዲያጠና ወደዚያው ተላከ። ከዚያም በሙኒክ የሕፃናትን ሕመም ማጥናት ጀመረ።

በዚያ ዘመን በጋ በገባ ቁጥር በአውሮፓ ከተሞች እጅግ ብዙ ሕፃናት በተቅማጥ ያልቁ ነበር፤ በተለይም የእናት ጡት ያላገኙትና በሙቀት የተበላሸ የላም ወተት የጠጡት። የኮሌራን ባክቴሪያ ሮበርት ኮኽ ገና መለየቱ ስለነበር፣ ከታመመ ሕፃን ዓይነ ምድር ውስጥ ያገኙትን ተሐዋስያን ሁሉ ጥፋተኛ ለማድረግ የቸኮሉ ብዙዎች ነበሩ። ኤሸሪኽ ነገሩን ከሌላው ጫፍ ያዘው፤ አስቀድሞ የጤነኛውን ሕፃን አንጀት መረመረ። የቧንቧን መደበኛ ፍሰት ያልለካ ሰው ፍሳሹን ከየት ያውቃል?

የአራስ ሕፃን የመጀመሪያው ጥቁር ዓይነ ምድር ከባክቴሪያ ነጻ መሆኑን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግን ተሐዋስያን ከውጭ መግባት እንደሚጀምሩ አየ። ሕፃኑ ወተት ሲጀምር ሁለት ዓይነቶች ይገናሉ፤ አንዱ በላይኛው፣ ሌላው በታችኛው አንጀት። በጀላቲን፣ በድንችና በወተት ላይ እያራባ፣ በዚያው ሰሞን በወጣው የግራም ቀለም እየለየ፣ በሐምሌ 1885 በሙኒክ ለአንድ የሳይንስ ማኅበር ውጤቱን አቀረበ። የታችኛውን በትር መሰል ባክቴሪያ ባክቴሪየም ኮላይ ኮሙኔ አለው፤ ተራው የአንጀት ባክቴሪያ እንደ ማለት ነው። በ1886 ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመ።

በ1890 ወደ ግራዝ፣ በ1902 ወደ ቪየና ተዛወረ። አንድ ወንድ ልጁ በዐሥር ዓመቱ ሞተበት። በ1903 በቪየና የሕፃናት መጠበቂያ ማኅበር አቋቋመ፤ እናቶች እንዲያጠቡ ማበረታታትና የማያጠቡትም ንጹሕ ወተት እንዲያገኙ ማድረግ ዋነኛ ሥራው ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ሥራው ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ በስሙ የሚታወሰው ግን በባክቴሪያው ነው። በየካቲት 1911 በ53 ዓመቱ ዐረፈ።

ባክቴሪያው ኤሸሪኪያ የሚለውን ስም ያገኘው በ1919 ነው። አንዳንዱ ዝርያው ራሱ የሕፃናት ተቅማጥ እንደሚያመጣ እንግሊዛዊው ጆን ብሬይ በ1945 አሳየ፤ በ1982 ደግሞ በአሜሪካ፣ በኦሪገንና በሚቺጋን፣ በደንብ ካልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ጋር የተያያዘ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተነሣ። በ2011 በኤሸሪኽ አገር በጀርመን ከሃምሳ በላይ ሰዎችን የገደለ ወረርሽኝ ሲከሠት፣ በኪያር ላይ ኢ. ኮላይ ተገኘ ተብሎ የስፔን ገበሬዎች ምርት ተጣለ። የተገኘው ዝርያ ግን ከሕሙማኑ ጋር አልተመሳሰለም። መርማሪዎቹ በምግብ ቤት የበሉትን፣ የታመሙትንም ያልታመሙትንም፣ ምን ምን እንደቀረበላቸው እየጠየቁ፣ ከምግብ ቤቱ አዘገጃጀት ጋር ሲያስተያዩ፣ መነሻው ጥሬውን የተበላ የበቀለ አብሽ ሆኖ ተገኘ።