ከቀይ ቀለም ማዶ ያለውን ሙቀት ያገኘው ሙዚቀኛ

በገዳሪፍ ከተማ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት፣ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ውስጥ መቀመጥ ትዕግሥትን ይፈትናል። በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ ፀሐይ አንዲት ጮራ እንኳ ሳታስገባ ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ክዳኑ የተጋለጡት ግንባርና ትከሻ ይለበለባሉ፤ አልጋ ሥር የተዘረጋ እግር ግን ያን ያህል አይሰማውም። የሚያሞቀው አየሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ባልጎላ ነበር። ዓይን የማያየው፣ ነገር ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ አንዳች ነገር ከቆርቆሮው ይመነጫል።

ይህ ነገር በፀሐይ ብርሃን ውስጥ፣ ከቀይ ቀለም ማዶ እንዳለ በቴርሞሜትር ለክቶ ያሳየው ሰው ዊልያም ኸርሼል ይባላል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ በር ግንባራችን ላይ የተደገነው የሙቀት መለኪያ፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን የቃኘው ካሜራ፣ በቀዝቃዛ አገሮች ሙቀት ከቤት በየት በኩል እንደሚያመልጥ የሚፈልጉ ባለሙያዎች የሚይዙት መሣሪያ ሁሉ የዘር ሐረጉ ከዚህ ሰው ሙከራ ይመዘዛል። ኸርሼል ግን በሙያው የፊዚክስ ሊቅ አልነበረም። ዕድሜውን ግማሽ ያህል የኖረው በሙዚቀኛነት ነው።

የተወለደው ኖቬምበር 15 ቀን 1738 በዛሬዋ ጀርመን፣ በሃኖቨር ከተማ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በሃኖቨር ዘብ ጦር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይጫወት ነበር። ልጁም በ14 ዓመቱ እዚያው ጓድ ገባ። በ1757 የፈረንሳይ ጦር ሃኖቨርን ሲወር ወጣቱ ሙዚቀኛ በሐስተንቤክ ጦርነት ዙሪያ ጭቃና ረኀብ ቀመሰ፤ ከዚያም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ዕድሜው ያኔ 19 ዓመት ገደማ ነበር። ለንደን ውስጥ የሰዎችን የሙዚቃ ኖታ በእጅ እየገለበጠ ዕለት ጉርሱን አገኘ። በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ወጣቶችን ላየ ሰው ይህ የሕይወት ታሪክ አጀማመር እንግዳ አይሆንበትም።

ጥቂት ዓመታት በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ሙዚቃ እያስተማረና እየደረሰ ከኖረ በኋላ፣ በ1766 ባዝ በምትባለው የፍል ውኃ ከተማ የአንድ ቤተ ጸሎት ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። ኑሮው ተደላደለ። ቀን ቀን ለባለጸጎች ልጆች ትምህርት ይሰጣል፤ ማታ ማታ የሒሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍትን ይዞ ያመሻል።

በ1772 ታናሽ እህቱን ካሮላይንን ከሃኖቨር አመጣት። ካሮላይን በሕፃንነቷ ባደረባት ታይፈስ እድገቷ ተገትቶ ቁመቷ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ የቀረ፣ እናቷም ከቤት አገልጋይነት የተሻለ ዕጣ ያላሰበችላት ልጅ ነበረች። ወንድሟ እርሷን ይዞ ለመሄድ፣ በምትኳ ሠራተኛ መቅጠሪያ የሚሆን ገንዘብ ለእናቱ መቁረጥ ነበረበት። በዚያው ዓመት፣ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አገሩ ይመለስ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዛሬው የመተማና የገዳሪፍ ድንበር አካባቢ አልፎ ወደ ሰናር ወርዷል። ብሩስ ቴርሞሜትር ቢይዝም የሰናርን ሙቀት በደረጃ የከፋፈለው ሰው ተቀምጦ ሳለ ያልበው እንደሆነ፣ ሲንቀሳቀስስ ምን ያህል እንደሚደክም በማየት ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ስለ ሙቀት የሚያውቀው በአብዛኛው በገላው የሚያውቀውን ነው።

ኸርሼል የሚፈልገውን ያህል ትልቅ ቴሌስኮፕ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ራሱ መሥራት ጀመረ። መስታወቶቹ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነበሩ፤ ቀልጠው በቅርጽ ማውጫ ከፈሰሱ በኋላ ለሰዓታት ይሞረዳሉ። አንዳንዴ እጁን ከመስታወቱ ሳያነሣ 16 ሰዓት ያህል ይሠራ ስለነበር ካሮላይን እያጎረሰች ታበላው ነበር። የቅርጽ ማውጫው ከሸክላ አፈርና ከፈረስ ፋንድያ የሚሠራ ሲሆን፣ ፋንድያውን የመውቀጡና የመንፋቱ ድርሻ የእርሷ ነበር። ግድግዳን በጭቃና በእበት መምረግ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሥራ ሩቅ አይደለም።

በነሐሴ ወር 1781 ከመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ትልቅ መስታወት ሊያፈስ ሲሞክር እቶኑ ተነደለ። የቀለጠው ብረት በድንጋዩ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ድንጋዮቹ በድንገተኛው ግለት እየፈነዱ እስከ ጣሪያው ድረስ ተስፈነጠሩ። ኸርሼል፣ ወንድሙና ሠራተኞቹ ሮጠው ነፍሳቸውን አተረፉ።

ይህ ከመሆኑ ከአምስት ወራት በፊት፣ ማርች 13 ቀን 1781፣ በዚያው ቤት ጓሮ ሆኖ ሰማዩን ሲቃኝ ከሌሎቹ ከዋክብት የተለየ ነገር አየ። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መስሎት ነበር። በኋላ ግን ከጥንት ጀምሮ ያልታወቀች ፕላኔት፣ ዩራነስ፣ መሆኗ ተረጋገጠ። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በዓመት 200 ፓውንድ ቆረጠለት፤ ሙዚቃውን ተወ። ካሮላይንም ቆየት ብሎ በዓመት 50 ፓውንድ እየተከፈላት ረዳቱ ሆነች፤ ስምንት ጅራታም ከዋክብትንም በራሷ አገኘች። ከዚያ በኋላ ያለው የዝና ዘመን፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ቴሌስኮፕና የሳተርን ጨረቃዎች ግኝት፣ በብዙ መጻሕፍት የተተረከ ስለሆነ እዚህ ልንዘገይበት አይገባም። የእኛ ጉዳይ በ1800 የሆነው ነው።

በዚያ ዓመት ኸርሼል 61 ዓመቱ ነበር። የፀሐይን ገጽ በቴሌስኮፕ ለማየት ዓይኑን የሚከላከሉ ባለ ቀለም መስታወቶችን እየለዋወጠ ሲሞክር አንድ ነገር ከነከነው። አንዳንዱ መስታወት ብርሃኑን እጅግ ቀንሶት ሳለ ሙቀቱ ዓይኑን ይለበልበዋል፤ ሌላው ብዙ ብርሃን እያሳለፈ እምብዛም አያሞቅም። ምናልባት ቀለሞች ሙቀትን የሚሸከሙት በእኩል መጠን አይደለም ሲል አሰበ።

ለመፈተን የሠራው ነገር ቀላል ነው። የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም አልፎ የማርያም መቀነትን ቀለማት ጠረጴዛ ላይ እንዲዘረጋ አደረገ። ሙቀት አጥብቀው እንዲይዙ ጫፋቸው የጠቆረ ቴርሞሜትሮች አዘጋጀ፤ አንዱን ቀለሙ የሚያርፍበት ላይ፣ ሌሎቹን ለማነጻጸሪያ ከቀለሙ ውጪ አኖረ። በወይን ጠጅ ቀለም ላይ የፋራናይት መለኪያው በሁለት ዲግሪ፣ በአረንጓዴ በሦስት ዲግሪ ገደማ፣ በቀይ ወደ ሰባት ዲግሪ ከፍ አለ። ወደ ቀይ በተጠጋ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደብተሩን ዘግቶ በተነሣ ነበር። ኸርሼል ግን ቴርሞሜትሩን ከቀዩ አሳልፎ ምንም ቀለም ወደማይታይበት ባዶ ጠረጴዛ ገፋው። መለኪያው ከዚያም በላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ይህን የማይታይ ነገር በልዩ ልዩ መንገድ ፈተነው። ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ከሻማ፣ ከምድጃና ከጋለ ብረትም እንደሚወጣ፣ በመስታወት እንደሚንጸባረቅና በሌንስ እንደሚሰበሰብ አሳየ። ዛሬ ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ ጨረር የምንለው ይህ ነው፤ ስሙ የወጣለት እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በሁሉም ነገር ግን ልክ አልነበረም። መጀመሪያ ብርሃንና ሙቀት አንድ ዓይነት ነገር ናቸው ወደሚለው ያዘነበለው ኸርሼል፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐሳቡን ለውጦ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው አለ፤ ተሳሳተ። ፀሐይ ከሚያበራው ሽፋኗ በታች ቀዝቃዛና ፍጥረታት የሚኖሩባት ናት ብሎም ያምን ነበር። በ1801 ደግሞ በፀሐይ ገጽ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች በሚያንሱበት ዘመን የስንዴ ዋጋ ይወደዳል የሚል ጽሑፍ አቅርቦ ተሳለቁበት። የማሽላና የሰሊጥ ዋጋ በዝናብ፣ በድንበር መዘጋትና በጦርነት ሲወጣና ሲወርድ በምታይ በገዳሪፍ ገበያ ቆሞ ለሚያስብ፣ የእህልን ዋጋ ከሰማይ ጋር ማያያዙ ያን ያህል የሚያስቅ አይመስልም፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነበር።

ከተቺዎቹ ሁሉ የበረታው ስኮትላንዳዊው ጆን ሌስሊ ነው። የማይታየውን ጨረር ጨርሶ አልተቀበለም። ታሪክ የሚገርም ነውና ለኸርሼል ግኝት ተግባራዊ ጥቅም ትልቅ ቁም ነገር ያከለው ይኸው ሰው ሆነ። ሌስሊ በ1804 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሙቅ ውኃ የተሞላ የብረት ሣጥን አንዱ ጎኑ ቢወለወልና ሌላው ቢጠቁር፣ ሁለቱም እኩል የጋሉ ሆነው ሳለ የጠቆረው ጎን እጅግ የበዛ ሙቀት እንደሚረጭ አሳየ። በጥቀርሻ የጠቆረ የማድ ቤት ጣሪያ አዲስ ከተመታ ቆርቆሮ ይልቅ ወደ ታች አብዝቶ የሚለበልበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀትን በሥዕል መልክ ለማየት የበቃው የኸርሼል ልጅ ጆን ነው። በ1840 ጥቀርሻ የተቀባ ወረቀትን በአልኮል አርሶ በፀሐይ ቀለማት ሥር አኖረው። ሙቀቱ የበረታበት ቦታ ቀድሞ ደረቀ፤ ከቀይ ማዶ ያለው የማይታይ ክፍልም በወረቀቱ ላይ ታየ። ከዚያ እስከ ዘመናችን ካሜራ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የሙቀት ካሜራ በ1960ዎቹ ከስዊድን የወጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ የዋለው የኤሌክትሪክ መስመሮችን ለመፈተሽ ነበር። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የቀዝቃዛ አገር ሰዎች ቤታቸውን ለማሞቅ የሚያወጡት ገንዘብ በየት ቀዳዳ እንደሚፈስ ማወቅ ፈለጉ፤ ካሜራው ወደ ግድግዳ ዞረ።

ፍተሻው የራሱ ሥርዓት አለው። የሚካሄደው በክረምት ነው፤ የቤቱ ውስጥ ከውጪው ቢያንስ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲሞቅ ይመረጣል። ቀን ፀሐይ የመታው ግድግዳ ያሳስታልና ከንጋት በፊት ወይም ማታ ይሠራል። ካሜራው በግድግዳ ውስጥ አሻግሮ አያይም፤ የሚያየው የገጽን ሙቀት ብቻ ነው። የመስኮት መስታወት እንኳ ለእርሱ እንደ ግድግዳ ድፍን ነው። ባለሙያው በምስሉ ላይ ደምቆ የታየውን የጣሪያ ጠርዝ፣ የበር ሥር ወይም የተረሳ ግድግዳ አይቶ መድፈኛ ያዛል።

በገዳሪፍ ጉዳዩ ይገለበጣል። እዚህ የሚፈለገው ሙቀት የሚያመልጥበት ሳይሆን የሚገባበት በር ነው። ስለዚህ ፍተሻው በክረምት ንጋት ሳይሆን ከቀትር በኋላ፣ ከቤቱ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ በመመልከት ይሆናል። ልምድ የሌለውን ሰው የሚያሳስት ወጥመድም አለ፦ አዲስና አንጸባራቂ ቆርቆሮ ከውጪ ሲታይ የሰማዩን ቅዝቃዜ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ፣ እጅ የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ በካሜራው ላይ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። አቧራ የጠገበና የዛገ ቆርቆሮ ግን እውነቱን ይናገራል። ሌስሊ ያኔ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም።

የአካባቢው ሰው ግን ካሜራ ሳይጠብቅ አንዳንዱን ነገር ቀድሞ ያውቀዋል። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ በየጭዱ መካከል አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን ያዘገያል። ራኩባ በሱዳን ዓረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው፤ ኡም ራኩባ የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ቆርቆሮን የመረጠ ሰው ዝናብን፣ ምስጥንና እሳትን ፈርቶ ነው፤ ምክንያቱም ትክክል ነው። ከሥሩ ኮርኒስ መምታትና በኮርኒሱና በክዳኑ መካከል አየር እንዲንሸራሸር ቀዳዳ መተው፣ ክዳኑን ከላይ ነጭ መቀባት ሙቀቱን በእጅጉ ያቃልላል። ከባዱ ኑሮ በላስቲክ ሸራ ሥር ያለው ነው፤ ሸራው ቀጭን ከመሆኑ የተነሣ ወዲያው ይግላል፤ ኮርኒስ የሚመታበትም ቦታ የለውም። በእንዲህ ያለ መጠለያ ውስጥ ለሚያድር ሕፃንና አዛውንት ሙቀት የምቾት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። ሲመሽ አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ ክፍት ሰማይ ሥር መተኛት በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ የተኛው ሰው ገላም በዚያው በማይታየው ጨረር ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየሰደደ ይቀዘቅዛል።

ኸርሼል ኦገስት 25 ቀን 1822 በስላው ከተማ በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ያገኛት ዩራነስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 84 ዓመት ይፈጅባታል። ካሮላይን ወደ ሃኖቨር ተመልሳ የወንድሟን ግኝቶች በዝርዝር አቀናጀች፤ ለዚህም ሥራ በ1828 ከለንደኑ የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ተሰጣት፤ በ1848 በ97 ዓመቷ ሞተች። በ2009 ወደ ጠፈር የመጠቀውና ኢንፍራሬድ ጨረርን ሲሰበስብ የቆየው የአውሮፓ ቴሌስኮፕም በኸርሼል ስም ተጠርቷል። በባዝ የኖሩበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ወደ ምድር ቤቱ የሚወርድ ጎብኚ የቀለጠው ብረት የሰነጠቃቸውን የወለል ድንጋዮች አሁንም እዚያው ያያቸዋል።