እቴጌይቱና የእኔ የኪራይ ውል

ባለፉት አራት ዓመታት አምስት ቤት ቀይሬያለሁ። ገርጂ ጀመርኩ፣ ወደ ጃክሮስ ዞርኩ፣ ከዚያ ሰሚት፣ ከዚያ አያት፤ አሁን ደግሞ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ አግኝቻለሁ። ከተማዋ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ምሥራቅ እየገፋችኝ ነው። በዚህ አያያዜ አዳማ ሳልደርስ አልቀርም።

ይሄን የማወራው ለማማረር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማማረርም ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። ዕቃዬን ባወረድኩ ማግስት እሑድ ስለነበር ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ወጣን። ፎቶ ተነሣን፣ ቡና ጠጣን፣ ከዚያ እኔ ብቻዬን ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና እዚያው ያለውን የምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት አየሁ። ጭቃ ቤት ነው። እንጨት ቆሞ፣ ማገር ተመትቶ፣ ጭቃ ተመርጎ በነጭ የተቀባ ቤት። ሴት አያቴ ከኖረችበት የቀበሌ ቤት የሚለየው በስፋቱ ነው እንጂ በአሠራሩ አይደለም። ግድግዳውን በእጄ ነካ አድርጌ እቴጌ ጣይቱ እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሌሊት በብርድ ተንቀጥቅጠው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ1840ዎቹ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ይባላሉ፤ ዘራቸው ከሰሜንና ከበጌምድር መሳፍንት ነው። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ በነበረበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፣ በገናም ይደረድሩ ነበር። ከምኒልክ በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አይተዋል። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር ላይ የሸዋውን ንጉሥ ሲያገቡ ልጅ እግር አልነበሩም፤ ቤት መሥራትንም ቤት ጥሎ መሄድንም የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም።

ያኔ መናገሻው እንጦጦ ነበር። ለጦር ሰው ጥሩ ቦታ ነው፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ይታያል። ለመኖር ግን ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ ውኃ ሩቅ ነው፣ ማገዶውም እያለቀ ነበር። መኳንንቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውኃ ይወርዱ ነበር። ጣይቱ ሜዳው ተስማማቸው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ለሐረር ዘመቻ በወጡበት ጊዜ እቴጌይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ ቤታቸውን ሠሩ። ከተማ እንዲህ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ሜዳው ባዶ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበት፣ የሚያርሱበት፣ ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት አገር ነበር። የእኔ አራተኛ ፎቅም የቆመው የእርሻ መሬት በነበረ ቦታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቤት በሠራች ቁጥር ቀድሞ የነበረ አንድ ሰው ዕቃውን ይሸክማል፤ ልማዷ የጀመረው ያኔ ነው። እቴጌይቱን እወዳቸዋለሁ፣ ይሄን ግን አልዘለውም።

ከዚያ ምኒልክ መሬቱን ለመኳንንቱ አከፋፈሉ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የመጡት ከዚህ ነው። መሐል ላይ የጌታው ግቢ፣ ዙሪያውን የወታደሩ፣ የአሽከሩ፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ ጎጆ። ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር ይኖር ነበር። ፍቅር ስለነበረ አይደለም፣ ጌታው ሎሌውን በጠራው ሰዓት ስለሚፈልገው ነው። ቢሆንም የሥራ ቦታና መኖሪያ ይቀራረቡ ነበር። እኔ ከአራብሳ ቦሌ መድኃኔዓለም ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይዤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል፤ መሐል ከተማ ባለው በዚያ ጎጆ አንዳንዴ መቅናቴ አልቀረም።

በ1882 ዓ.ም. ጣይቱ እቴጌ ተብለው እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ አገሩን እየፈጀ ነበር። ዓድዋን ታውቁታላችሁ፤ የራሳቸውን ጦር ይዘው መዝመታቸውን፣ የመቀሌው ምሽግ ውኃ እንዲያዝ ማድረጋቸውን በየዓመቱ የካቲት ላይ ትሰማላችሁ። እኔን የያዘኝ ከዓድዋ መልስ ያለው የማገዶ ጉዳይ ነው። ከተማዋ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ጨርሳ ልትበተን ደርሳ ነበር። ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደረሱ። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ቀጥ ያለ ቋሚና ማገር ይሆናል። ድሃ በራሱ አቅም፣ ከጎረቤቱ ጋር ጭቃ ረግጦ ቤት መሥራት የቻለው በእሱ ነው። የከተማው መሃንዲስ ማን ነው ብትሉኝ ባሕር ዛፍ ነው የምላችሁ። ዛሬ ሰሚትና አያት የሚቆሙትን ሕንፃዎች ዙሪያ እዩ፤ ሠራተኛው የቆመበት አጠና ያው ዛፍ ነው።

እቴጌይቱ ነጋዴም ነበሩ። ፒያሳ ያለው በስማቸው የሚጠራው ሆቴል የአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ ሆቴል ነው። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ እሳት ሲበላው ብዙዎቻችን በስልካችን እያየን ደነገጥን፤ ደግነቱ ታድሶ ቆሟል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ መሬት በግል ይዞ መሸጥና መለወጥ የሚቻልበት ደንብ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ኪራዩ ረከሰ፣ ግን አከራይቶ ለማደር ቤት የሚሠራ ጠፋ፣ የቀበሌ ቤቶችም አዳሽ አጥተው ጎበጡ። የአያቴ ቤት ከነዚያ አንዱ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ኮንዶሚኒየም ተጀመረ፤ የሙከራው ቤት የተሠራው እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ገርጂ ነው። በ1997ቱ ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፣ በ2005ቱ ከ900 ሺህ በላይ። እናቴ በሁለቱም አለችበት። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ዕጣ ወጣ ሲባል እልል ልንል ስንል መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። እናቴ ዛሬም በየወሩ ትቆጥባለች።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ አገሩን የሚመሩት እሳቸው ሆኑ። ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ፣ የሰሜን ዘመዶቻቸውን አቀረቡ፤ በዚህ ላይ ስህተት አልሠሩም አልልም። የሸዋ መኳንንት በ1902 ዓ.ም. መጋቢት ተባብረው ከሥልጣን አወረዷቸው፤ ሥራቸው ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ከቤተ መንግሥቱም ወጡ። ራሳቸው የቆረቆሩትን ከተማ ለቀው፣ በጉብዝናቸው ጥለውት ወደ ወረዱት ብርዳም እንጦጦ ተመለሱ።

በ1909 ዓ.ም. መስከረም ልጅ ኢያሱ ወርደው ዘውዲቱ ሲነግሡ ነገሩ የሚሻሻል ይመስል ነበር። ዘውዲቱ የእንጀራ ልጃቸው፣ የወንድማቸው ልጅ ሚስትም የነበሩ ናቸው። ጣይቱ በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ቀሪ ዕድሜዬን ጎንደር ሄጄ ልጨርስ የሚል። አልተፈቀደም። ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በየካቲት፣ እንጦጦ ላይ አረፉ። አሁን በታዕካ ነገሥት በዓታ ከባላቸው ጎን ናቸው።

ይሄን እያሰብኩ ግቢው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች። ወደ ግራ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባሻገር ግራጫ የኮንዶሚኒየም ረድፍ እስከ አድማስ ተዘርግቷል፤ የእኔ ብሎክ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። እቴጌይቱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከዚሁ ከፍታ ወደ ታች ሲያዩ ግን የሠሩትን ግቢ መለየት አያቅታቸውም ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ጓደኞቼ ደወሉ፣ ወረድኩ። ሽሮ ሜዳ ላይ ታክሲ ተሰልፌ፣ መገናኛ ላይ ሌላ ተሰልፌ ቤት ስደርስ መሽቷል። በ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር መብለጥ የለበትም። አዲሷ አከራዬ በስልክ የጠየቀችኝ የ3 ወር ነው፤ ውሉንም ለስድስት ወር እናድርገው ብላለች። አዋጁን ስልኬ ላይ አውርጄዋለሁ። ነገ ጠዋት ለመፈራረም ትመጣለች።