ማሪ ኩሪ በፓሪስ ከተማ

ማሪያ ስክሎዶቭስካ፣ በኋላ ማሪ ኩሪ ተብላ የታወቀችው ሳይንቲስት፣ በ1867 ዓ.ም. ዛሬ የፖላንድ ርእሰ ከተማ በሆነችው በዋርሶ ተወለደች። (በዚህ ምንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቷ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ነበር። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በሩሲያ ዛሮች አገዛዝ ሥር ስለነበረች በዋርሶ ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ በር ዝግ ነበር። ስለዚህ ማሪያና ታላቅ እኅቷ ብሮንያ አንድ ስምምነት አደረጉ። ማሪያ በሰው ቤት ልጆችን እያስተማረች በምታገኘው ገንዘብ ብሮንያ በፓሪስ ሕክምና እንድትማር ትረዳታለች፤ ብሮንያም ትምህርቷን ስትጨርስ ታናሿን በተራዋ ታግዛለች። ማሪያ ቃሏን ጠብቃ ለዓመታት ከሠራች በኋላ በ1891 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ተጓዘች።

በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ስትማር የምትኖረው በአንድ ትልቅ ሕንፃ ጣራ ሥር በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ለምግብ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለልብስና ለመጽሐፍ የነበራት ገንዘብ በቀን ሦስት ፍራንክ ያህል ብቻ ነበር። በክረምት ብርዱ ሲጠናባት ያላትን ልብስ ሁሉ በላይዋ ደርባ ትተኛለች፤ ብዙ ቀንም ዳቦና ሻይ ብቻ ቀምሳ ትውላለች። ይህ ሁሉ ግን ከዓላማዋ አላናወጣትም። በ1893 ዓ.ም. በፊዚክስ አንደኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በሒሳብ ሁለተኛ ሆና ተመረቀች። በዚያው ወራት ከአገሯ 600 ሩብል የትምህርት እርዳታ ተሰጥቷት ነበር። ማንም ሳይጠይቃት፣ ሥራ ይዛ ገንዘብ እንዳገኘች መለሰችው፤ ሌላ ችግረኛ ተማሪ እንዲረዳበት አስባ ነበርና።

በ1895 ዓ.ም. በፓሪስ ያስተምር የነበረውን ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ኩሪን አገባች። የፒየር የመምህርነት ደመወዝ በወር 500 ፍራንክ ነበር። ማሪ በዚያች የወጪ ከተማ የሚወጣውን እያንዳንዱን ሳንቲም በመዝገብ እየጻፈች ኑሮን አብቃቅታ ትመራ ነበር። በ1897 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ልጃቸው ኢሬን ስትወለድ ግን ሞግዚት መቅጠር ግድ ሆነ፤ ወጪውም ከገቢው በለጠ። በ1900 ዓ.ም. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ለፒየር የተሻለ ደመወዝና ቤተ ሙከራ ሊሰጠው ፈቀደ። ባልና ሚስቱ ነገሩን ካመዛዘኑ በኋላ፣ የጀመሩት ምርምር እንዳይቋረጥ ሲሉ በፓሪስ መቆየትን መረጡ። በዚህም ምክንያት ፒየር ተጨማሪ የማስተማር ሥራ ሲይዝ ማሪ ደግሞ በሴቭር በሚገኘው የሴት መምህራን ማሠልጠኛ ፊዚክስ ማስተማር ጀመረች። ደመወዙ ቤቱን ደገፈ፤ ለምርምር የሚተርፈውን ጊዜ ግን ቀነሰ።

ምርምሩ የሚካሄደው ጣራው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ማሪና ፒየር በ1898 ዓ.ም. ፖሎኒየምና ራዲየም የተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን አስታውቀው ነበር። ማሪ ራዲየምን ለይታ ለማውጣት ብዙ ቶን የማዕድን ዝቃጭ በትልልቅ ድስት እያፈላች በረጅም ብረት ታማስል ነበር። በ1902 ዓ.ም. ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የተገኘው የራዲየም ጨው አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ የግራም አንድ አሥረኛ ብቻ ነበር።

ራዲየም ነቀርሳን ለማከም እንደሚረዳ በታወቀ ጊዜ የፋብሪካ ባለቤቶች የአወጣጡን ዘዴ ፈለጉ። ባልና ሚስቱ ዘዴውን በባለቤትነት መብት ቢያስጠብቁት ኖሮ ከማስተማር ድካም ተገላግለው፣ ልጃቸውን አደላድለው፣ የሚመኙትን ቤተ ሙከራ ባሠሩ ነበር። እነርሱ ግን የሳይንስ ግኝት የሰው ልጆች ሁሉ ሀብት ነው ብለው ስላመኑ ዘዴውን ያለ ዋጋ ለዓለም ገለጡ።

በ1903 ዓ.ም. ከአንሪ ቤክረል ጋር የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1906 ዓ.ም. ፒየር በጋሪ አደጋ ሲሞት መንግሥት ለማሪ የጡረታ አበል ሊሰጣት አሰበ። እርሷ ግን ሠርቼ ልጆቼን ማሳደግ እችላለሁ በማለት አልተቀበለችም፤ የባሏን ቦታ ተክታ በሶርቦን ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1911 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጨመረላት።

ከዓመታት በኋላ የራዲየም ዋጋ እጅግ ናረና ግኝቷ ባለጸጋ ያላደረጋት ማሪ ለምርምሯ የሚያስፈልጋትን መግዛት አቃታት። በ1921 ዓ.ም. የአሜሪካ ሴቶች 100,000 ዶላር አዋጥተው አንድ ግራም ራዲየም አበረከቱላት። እርሷም ስጦታው የግል ንብረቷ ሳይሆን የቤተ ሙከራው ሀብት እንዲሆን በጽሑፍ አስወሰነች። ማሪ ኩሪ ለረጅም ዘመን የተጋለጠችለት ጨረር ባስከተለባት የደም በሽታ በ1934 ዓ.ም. አረፈች።