ሶይቺሮ ሆንዳ፦ ከመኪና መለዋወጫ ወደ ሞተር ሳይክል

በወልድያና በመርሳ ከተሞች፣ በሐብሩ ወረዳ የገጠር መንገዶችም ሞተር ሳይክል ሰውና ዕቃ ያደርሳል። ይህ መጓጓዣ መኪና መግዛት ለማይችለው ሕዝብ በመላው ዓለም እንዲዳረስ ካደረጉት ሰዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆንዳ በ1906 በሐማማትሱ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭና ብስክሌት ጠጋኝ፣ እናቱ ሸማኔ ነበሩ። በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ በአንድ የመኪና ጋራዥ በተለማማጅነት ተቀጠረ፤ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ ግን የባለቤቱን ሕፃን ማዘል ነበር። በ1928 ወደ ሐማማትሱ ተመልሶ የጋራዡን ቅርንጫፍ ከፈተ።

ጥገና ብቻ ስላላረካው ቶካይ ሴይኪ በተባለ ድርጅት የፒስተን ቀለበት ወደ ማምረት ገባ። ቀለበቱ ትንሽ ቢሆንም የሞተሩ ጉልበት እንዳያፈተልክ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ሆንዳ የብረትን ጠባይ ለማወቅ ከቴክኒክ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ተማረ። ያም ሆኖ ለቶዮታ ለናሙና ካቀረባቸው 50 ቀለበቶች መመዘኛውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ተስፋ ሳይቆርጥ ጥራቱን አሻሽሎ የቶዮታ አቅራቢ ለመሆን በቃ።

በጦርነቱ ጊዜ የአየር ድብደባ፣ በ1945 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካዎቹን አወደሙ። ሆንዳም የቀረውን ለቶዮታ ሸጠ። ንብረቱ ቢጠፋም ሙያው አብሮት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ባቡሩ በሰው ተጨናንቆ፣ ቤንዚንም ጠፍቶ ሕዝቡ እህል ፍለጋ በብስክሌት ይንከራተት ነበር። ሆንዳ በ1946 ለጦር ሠራዊት ሬዲዮ የተሠሩ ትናንሽ ሞተሮችን ሰብስቦ በብስክሌት ላይ ገጠመ። እነዚያ ሲያልቁ በ1947 የራሱን ሞተር ሠራ፤ በ1948 ሆንዳ ኩባንያን አቋቋመ፤ በ1949 «ድሪም» የተባለውን ሞተር ሳይክል አወጣ።

ሆንዳ በምርት እንጂ በሽያጭና በሂሳብ አልተካነም። ይህን የሞላለት በ1949 የተቀላቀለው ታኬኦ ፉጂሳዋ ነው። ፉጂሳዋ በ1952 በመላው ጃፓን ላሉ ከ50,000 በላይ የብስክሌት ሱቆች ደብዳቤ ልኮ ሰፊ የገበያ መረብ ዘረጋ። በ1958 የወጣው «ሱፐር ከብ» እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

ሁለቱ በ1973 አብረው ጡረታ ወጡ፤ ሆንዳ ነሐሴ 5 ቀን 1991 አረፈ። የሕይወት ታሪኩ ጥራት ያለው ምርትና አስተማማኝ ገበያ ተነጣጥለው እንደማይቆሙ ለአምራች ሁሉ ያስተምራል።