ተጫዋች የማን ነው? የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ሐርቡ የደረሰ መንገደኛ፣ ፀሐይ በረድ ባለች ጊዜ ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ቢመለከት፣ ልጆች ኳስ ለመጫወት ሲከፋፈሉ ያያል። አከፋፈላቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሁለት ልጆች የቡድን አባት ይሆናሉ። የቀሩት በዕድሜና በችሎታ የሚመጣጠኑት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ራቅ ብለው ይማከሩና ለየራሳቸው የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ አንበሳ ቢሆን ሌላው ነብር፣ አንዱ ወርቅ ቢሆን ሌላው ብር ይሆናል። ከዚያም ተቃቅፈው ይመጡና የትኛውን እንደሚፈልግ አባቱን ይጠይቁታል። ተራው የደረሰው አባት አንዱን ስም ጠርቶ ዕጣው የሰጠውን ልጅ ይወስዳል፤ የቀረው ለተጋጣሚው ይሆናል። በዚህ ዓይነት አንዱ ወገን ጎበዞቹን ሁሉ ለብቻው ሊያግበሰብስ አይችልም።

ይህን የልጆች ጨዋታ በሌላው ዓለም ታላላቆቹም በሌላ መልክ ይሠሩበታል። በአሜሪካ አገር ሞላላውን ኳስ የሚጫወቱት ባለሙያ ክለቦች ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፤ አሸናፊው በስተኋላ ይሰለፋል። ተጫዋቹ ግን ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ አይጠየቅም። በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ አስቀድሞ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በዚያ ሊግ አንድም ቀን ሳይጫወት ቀርቷል። ደጋፊውም በምርጫው ቀን እንደ ዋንጫ ጨዋታ ተሰብስቦ ይጮኻል። በ1991 ዓ.ም. የፊላዴልፊያ ክለብ ዶኖቫን ማክናብን በመረጠ ጊዜ የገዛ ደጋፊዎቹ በፉጨትና በጩኸት ተቃወሙት፤ እነርሱ የፈለጉት ሌላ ተጫዋች ነበርና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ክለቡን ለትልቁ የዋንጫ ጨዋታ ያደረሰው ይኸው ማክናብ ሆነ። ደጋፊ ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ ዛሬ የሰደበውን ነገ በትከሻው ይሸከማል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ምርጫ የለም። ነገር ግን ተጫዋች የማን ነው የሚለው ጥያቄ የኛም ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ከአፍሪካውያን ሁሉ ይልቅ አጥብቀው ያነሡት፣ ስለ እርሱም ከወዳጅም ከጠላትም ጋር የተከራከሩት ኢትዮጵያዊው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ ጥቂት ነው፤ ሥራቸውን የሚያውቅ ግን እንደሚገባው ብዙ አይደለም።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ ከልጅ ኢያሱ ወዳጆች አንዱ ስለ ነበሩ፣ መቀመጫቸውን ደሴ ያደረጉት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ታሪክና የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ተያይዞ ይነሣል። ይህን የምናነሣው ለወሎ አንባቢ ስንል ብቻ ነው፤ ልጁ የሄዱት በሌላ መንገድ ነውና።

በ1928 ዓ.ም.፣ አሜሪካኖች ምርጫቸውን በጀመሩበት በዚያው ዓመት፣ በአዲስ አበባ አራዳ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ መሠረቱ። ይድነቃቸው ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። የመረጣቸው ባለሥልጣን፣ የገዛቸው ባለሀብት አልነበረም፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ራሳቸው ሄደው ገቡ። እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ 23 ዓመት ያህል ማሊያውን ሳይለውጡ ተጫወቱ። በ365 ግጥሚያ 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ተመዝግቧል። አንድ ሰው ለአንድ ክለብ ይህን ያህል ዘመን መጫወቱ ለዛሬ ወጣት ተረት ይመስለዋል።

ክለቡ ገና እግር ሳያወጣ ጠላት አገሪቱን ወረረ። ፋሺስቶች በቆዳ ቀለም ሰውን ሲለያዩ የኳስ ሜዳንም አልተዉም፤ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጋጠሙ ከልክለው ለአገሬው ተወላጅ የተለየ ውድድር አቆሙ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙ ተፍቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። ልብ በሉ፤ የክለቡን ስም የሚሰጠው፣ ማን ከማን ጋር እንዲጫወት የሚወስነው ገዢው ነበር። አቶ ይድነቃቸው የወጣትነታቸውን ምርጥ ዓመታት የተጫወቱት በዚህ ቀንበር ሥር ነው። ኋላ በዓለም ጉባኤ ፊት የሚያሰሙት ቁጣ ሥሩ ከዚህ እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የአገሪቱን ስፖርት ለማደራጀት በተቋቋመው ጽሕፈት ቤት ገብተው ሥራ ጀመሩ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በቀር የጣሊያኖች፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ነበሩ። ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። በኅዳር 1940 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያዋን አድርጋ የፈረንሳይ ሶማሌላንድን 5 ለ 0 አሸነፈች። አቶ ይድነቃቸው ጫማ አጥልቀው የሚጫወቱ፣ ደግሞም በቢሮ ተቀምጠው ደንብ የሚያረቁ ሰው ሆኑ። እንዲህ ያለ ሁለት ሥራ በአንድ ሰው ላይ መውደቁ ጉድለት ነበር፤ ለእሳቸው ግን ትምህርት ቤት ሆናቸው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴራሲዮን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። መሥራቾቹ አገሮች አራት ነበሩ፤ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ተወገደች። የእሷ ተጋጣሚ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በሜዳ የተገኘው ውጤት የሚያሳፍር ቢሆንም በጉባኤው ክፍል የተገኘው ግን የሚያኮራ ነበር። የውቤ ሠፈሩ ልጅ በወጣትነታቸው የቀመሱትን መለያየት በአህጉሩ ደንብ ውስጥ እንዳይገባ ከከለከሉት አንዱ ሆኑ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። መራጭ መሆን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ አዩት። በየካፌውና በየቢሮው ሁሉም አሠልጣኝ ነው፤ የአንዱ ክለብ ደጋፊ የራሱ ሰው እንዲሰለፍ፣ የሌላው ክፍለ ሀገር ሰው ደግሞ የአገሩ ልጅ እንዲገባ ይፈልጋል። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአስመራ የተወለደ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም ተሰልፏል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ወጣቱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ጠላት ከሄደ ገና 20 ዓመት ባለፈበት አገር የጣሊያን ስም የያዘ ሰው የኢትዮጵያ አምበል መሆኑን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ የዚያን ዘመን ሰው አልነበረም።

በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ጥር 13 ቀን ከተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ከግብጽ ጋር በተደረገው ፍጻሜ ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። ሁለተኛውን አቻ ግብ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ያገባው ሉቺያኖ ነው። በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሉቺያኖ ሰጡት። በስታዲዮሙ የተገኘው ሕዝብ ከዚያ በኋላ ስለ ስምና ስለ ትውልድ አልጠየቀም። ኢትዮጵያም ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ ደግማ አላገኘችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ዓለም አቀፉ ማኅበር ፊፋ ለአፍሪካ የተወሰነ ቦታ ነፈጋት፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ሲያሸንፍ ብቻ እንዲገባ ወሰነ። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። በእንግሊዝ አገር በተደረገው በዚያ የዓለም ዋንጫ አንድም አፍሪካዊ ቡድን አልነበረም። ነገር ግን 9 ግብ አስቆጥሮ ከሁሉ የበለጠው ተጫዋች በሞዛምቢክ የተወለደው ዩሴቢዮ ሆነ፤ የለበሰውም የፖርቱጋልን ማሊያ ነበር። አቶ ይድነቃቸው የፈሩት ነገር ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አያስፈልገውም ነበር። ቦታውን የከለከሉን አገሮች ልጆቻችንን ግን አልከለከሉም።

ትግሉ ፍሬ አፈራ፤ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለአፍሪካ አንድ የራሷ ቦታ ተሰጣት፣ ሞሮኮም ገባች። በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴራሲዮኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ፈጽማ ተባረረች። በ1970 ዓ.ም. ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 ስታሸንፍ፣ በዓለም ዋንጫ ግጥሚያ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች፤ በሚቀጥለው ዋንጫ ለአፍሪካ ሁለት ቦታ ሆነላት።

በተጫዋቾች ነገር ግን ውጊያው እንዲህ ቀና አልሆነም። ኮንፌዴራሲዮኑ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ ከውጭ አገር ክለቦች ከሁለት ተጫዋች በላይ እንዳያሰልፍ ደንግጎ ነበር። አቶ ይድነቃቸው የዚህ አሳብ ጽኑ ደጋፊ ነበሩ። ምርጦቹን ወደ አውሮፓ የምትሰድ አፍሪካ ቡናዋንና ማዕድኗን ጥሬውን እንደምትሸጥ ሁሉ ኳስ ተጫዋቾቿንም ጥሬውን መሸጧ ነው፣ እንዲህ ያለ አህጉርም የዓለምን ዋንጫ ተስፋ ሊያደርግ አይገባውም ብለው ያምኑ ነበር። በዚሁ መንፈስ የትምባሆና የመጠጥ ማስታወቂያ ገንዘብ በአፍሪካ ውድድሮች እንዳይገባ ተከላክለዋል።

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከታላቁ ሰው ጋር በሙሉ ልብ መስማማት ያቅተዋል። አቶ ይድነቃቸው 23 ዓመት ለአንድ ክለብ ሊጫወቱ የቻሉት ኑሯቸው በኳስ ላይ ስላልተመሠረተ ነው፤ የመንግሥት ሥራ ነበራቸው። በ1960 ዓ.ም. ማሊያዊው ሳሊፍ ኬይታ ወደ ፈረንሳዩ ሴንት ኤቲየን ክለብ ሲሄድ ግን እግሩ እንጀራው ነበር። ጉልበቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ብቻ የሚያገለግለውን ወጣት ለአህጉር ክብር ሲል በድህነት ይቀመጥ ማለት የሚቀል ለሌላው ሰው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ተጫዋቹ ሲሄድ ሜዳው ይቀዘቅዛል፤ ሜዳው ሲቀዘቅዝ ተመልካቹ ይሸሻል፤ ተመልካች የሌለው ክለብም ሌላ ሳሊፍ ኬይታ ሊያሳድግ አይችልም። ሁለቱም እውነት ስለ ሆነ ነው ክርክሩ እስከ ዛሬ ያላለቀው።

ደንቡ በ1974 ዓ.ም. ተሻረ። ያን ጊዜ አቶ ይድነቃቸው ገና ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የቆሙለት ድንጋጌ ዓይናቸው እያየ ወደቀ ማለት ነው። ሥራቸውን ግን አልተዉም። በካንሰር ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዕለት፣ ከሥልጣናቸው ሳይወርዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሞታቸው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም.፣ ካሜሩን ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች፤ ጀግናዋ ሮዤ ሚላ ብዙ ዘመኑን በፈረንሳይ ክለቦች የተጫወተ ሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሞሮኮ በካታር ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከ26ቱ ተጫዋቾቿ 14ቱ የተወለዱት በውጭ አገር ነበር። ይኸውም ከሄዱት ልጆች አንዳንዶቹ፣ ከእነርሱም የልጅ ልጆች፣ ተመልሰው ለአባቶቻቸው አገር ተሰለፉ ማለት ነው። አቶ ይድነቃቸው ይህን አላዩም፤ ቢያዩት ተሳስቼ ነበር ይሉ እንደሆነ፣ ወይስ ይህንኑ ለማግኘት ለምን ፈረንሳይና ሆላንድ ማሠልጠን አስፈለገ ብለው ይጠይቁ እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ይህ ጸሐፊ ሁለተኛውን ይገምታል።

በሐርቡም እንደ ደሴና እንደ ኮምቦልቻ ሁሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ወጣቶች ዲሽ ባለበት ቤት ተጠጋግተው የእንግሊዝን ሊግ ያያሉ። ግማሹ አርሴናል፣ ግማሹ ማንቸስተር ነው። የአፍሪካ ልጅ ግብ ሲያገባ ቤቱ በጩኸት ይናጋል፤ የተሸጠበትን ዋጋ በቃሉ የማያውቅ የለም። ከጨዋታው በኋላ ታናናሾቹ ወደ ሜዳ ወርደው ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆነ ቀን ተርፎ የሚቆመው ልጅ ወደየትኛው አባት ይግባ በሚለው ነገር ረዥም ክርክር ይነሣል፤ ልጁንም ራሱን ወዴት ትሄዳለህ ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ አለ።